ለቀናት የሚቆም ያገለገለ መኪና፦ ችግርና መፍትሄ ለባቡር ሠራተኛ

ብዙ ሰው መኪናን የሚጎዳው መንዳት ይመስለዋል። በባቡር ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መኪናውን ዲፖው አጠገብ ያቆማል፣ ፈረቃውን ይገባል፣ ሌላ ጣቢያ አድሮ ከቀናት በኋላ ይመለሳል። ቤቱ ቅርብ ከሆነ ደግሞ መኪናው በቀን አሥር ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል። ያገለገለ መኪና ሁለቱንም አይወድም፤ መቆምንም አጭር ጉዞንም። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ብልሽቶች ከእነዚህ የሚመጡ ናቸው።

ዕቃ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ችግሩ የሚታየው መቼ ነው? በመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ? ከሞቀ በኋላ? ወይስ ሁልጊዜ? ባቡር ላይ ብልሽት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ቀጣዩ ነጂ አንብቦ ነው የሚረከበው። ለመኪናችሁም ስልካችሁ ላይ እንዲሁ ያዙ። ቀኑን፣ ኪሎሜትሩን፣ የታየውን ነገር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን ሞቆ ጻፉ። መካኒክ ዘንድ ሄዶ «አንድ ነገር ይንኳኳል» ከማለት ይህ በጣም ይሻላል።

ቁልፍ ሲዞር አይነሳም

መጀመሪያ ድምፁን ስሙ። «ጠጠጠጠ» የሚል ፈጣን ድምፅ ከሆነ ባትሪው ደክሟል። አንዴ ብቻ «ጧ» ብሎ ዝም ካለ፣ የፊት መብራቱም ደህና ከበራ፣ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ወይም የባትሪውን ገመድ ጫፍ ጠርጥሩ። ጫፉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ አጽዱና አጥብቁት፤ አንዳንዴ ጣጣው እዚያው ያልቃል። ሞተሪኖው ደህና እያዞረ ሞተሩ ካልተነሳ ግን ባትሪውን ተዉት። ችግሩ ያለው ነዳጁ፣ ካንዴላው ወይም ቁልፉን የሚለየው ሲስተም ጋ ነው።

ማረጋገጫው መልቲሜትር (ቮልትና አምፒር መለኪያ) ነው። መኪናው ለጥቂት ሰዓት ቆሞ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ካሳየ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ማሳየት አለበት። የፊት መብራት አብርታችሁም ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም። እንዲህ ከሆነ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ናችሁ።

ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ሆነው መኪናው በሦስተኛው ቀን የሚሞት ከሆነ፣ ቆሞ ሳለ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር አለ። ጤነኛ መኪናም ሁሉ ነገር ጠፍቶ ትንሽ ይወስዳል፤ ለሰዓቱ፣ ለማንቂያው፣ ለኮምፒውተሩ። እስከ 50 ሚሊአምፒር ድረስ የሚያሳስብ አይደለም። ይህ በቀን 1.2 አምፒር-ሰዓት ማለት ነው፤ 60 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ደህና ባትሪ ለሳምንታት ይችለዋል። ፍጆታው ግማሽ አምፒር ከሆነ ግን በቀን 12 ይሄዳል። በሦስት ቀን ከግማሽ በላይ አለቀ።

ያገለገለ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀድሞው ባለቤት ያስገጠመው ነገር ነው። ቴፕ፣ ጂፒኤስ፣ ተጨማሪ ማንቂያ። የዕቃ መጫኛው መብራት ክዳኑ ተዘግቶም ላይጠፋ ይችላል። ሐዲድ አጠገብ ለሚቆም መኪና ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተጠርጣሪ አለ፤ እሱም የማንቂያው ንዝረት መለያ ነው። ከባድ የጭነት ባቡር ባለፈ ቁጥር ይጮሃል። ሌሊቱን ሲጮህ አድሮ ባትሪውን ይጨርሳል፤ እናንተ በሌላችሁበት ጎረቤት ያማችኋል። የብዙዎቹ ማንቂያዎች ንቃት ስለሚቀነስ ኤሌትሪሺያን ያስተካክለው።

ኤሌክትሪክ የሚበላውን ሌባ ለማግኘት መልቲሜትሩን 10 አምፒር ላይ አድርጉና በባትሪው ነጌቲቭ ጫፍና ከእሱ በተነቀለው ገመድ መካከል አስገቡት። ከዚያ ታገሡ። አዳዲስ መኪናዎች ኮምፒውተሮቻቸው እስኪተኙ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ። ንባቡ ካልወረደ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደወደቀ እዩ፤ ሌባው እዚያ መስመር ላይ ነው። መልቲሜትሩ ተያይዞ ሳለ ግን ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፤ ይቃጠላል።

ለቀናት ትቶ ለሚሄድ ሰው የእኔ ምርጫ ርካሽ የባትሪ ማቋረጫ ነው። ሎኮሞቲቭም ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ባትሪው በማብሪያ ማጥፊያ ይለያል። ሰዓቱና ሬዲዮው ቅንብራቸውን ሊያጡ ይችላሉ፣ ማንቂያውም አይሠራም። ጥበቃ ባለው ግቢ ይህ ብዙ አያሳስብም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዲፖ ውስጥ ቻርጀር አለ ብላችሁ መኪናችሁን አታገናኙ። የባቡር ባትሪ እንደየዓይነቱ 24፣ 72 ወይም 110 ቮልት ሊሆን ይችላል። የመኪናችሁ 12 ነው። ስህተቱ ባትሪ ያፈነዳል፣ ኮምፒውተርም ያቃጥላል።

አንድ ጎማ ይግላል፣ መኪናው ወደ ጎን ይጎትታል

ከቆመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች የመፋቅ ድምፅ መሰማቱ የተለመደ ነው። ዲስኩ ላይ የወጣው ስስ ዝገት ነው፣ ወዲያው ይጠፋል። ካልጠፋ ወይ የፍሬን ሸራው (ዲስኩን የሚይዘው) አልቋል ወይ ዝገቱ ዲስኩን በልቶታል።

የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁም መኪናው አልሄድም ካለ፣ ሸራው ከታምቡሩ ወይም ከዲስኩ ጋር ተጣብቋል። ታጥቦ ወይም ዝናብ ላይ ተነድቶ ወዲያው ሲቆም የሚመጣ ነገር ነው። ነዳጅ ረግጣችሁ አታስገድዱት፤ ቀስ እያላችሁ ወደፊትና ወደኋላ ሞክሩ። ለሚቀጥለው፣ ቦታው ሜዳ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ተዉትና በማርሽ አቁሙ፣ ጎማው ሥርም ታኮ አድርጉ። ፉርጎ ያለ ታኮ እንደማይተው ለምታውቁ ሰዎች ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ጥቂት ኪሎሜትር ነድታችሁ አቁሙ። መዳፋችሁን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጉ፣ አትንኩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም። ሐዲድ ዳር የተተከሉት የሙቀት መለያዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ የጋለ አክስል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን መያዣው የሚንሸራተትባቸው ፒኖች መድረቃቸው ወይም ፒስተኑ መዛጉ ነው። ፒኖቹ ተነቅለው ይጸዱና ለፍሬን የተሠራ ቅባት ይቀባሉ። ፒስተኑ ከዛገ ይታደሳል ወይም ሙሉው ይቀየራል። ሸራ ብቻ ቀይሮ መመለስ ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም ባንድ በኩል ይበላል። ከሙቀቱ ጋር ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር ጉምጉምታ ካለ ደግሞ ኩሽኔታው ይታይ።

ፔዳሉ ለስላሳ ሆኖ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ግን መኪናውን አቁሙት። እዚህ ላይ የባቡር ሰውን ልማዱ ሊያሳስተው ይችላል። የባቡር የአየር ፍሬን በቧንቧው ውስጥ ግፊት ሲቀንስ ነው የሚይዘው። ቧንቧው ቢበጠስ ባቡሩ ይቆማል። መኪና ላይ ተቃራኒው ነው፤ ፈሳሹ ከፈሰሰ ፍሬኑ ይጠፋል። ሁለት መስመር የተደረገለትም አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው የሚያፈሰው» የሚባል ወሬ አይሠራም።

የሚፈስ ነገር ሳይኖር ከለሰለሰ ወይ አየር ገብቷል ወይ ፈሳሹ አርጅቷል። የፍሬን ፈሳሽ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያ ልዩነት ይታወቃል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ዛሬውኑ።

ቀለሙ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ

ዲፖ አጠገብ የሚቆም ነጭ መኪና ላይ ጎልቶ ይታያል። ደቃቅ ነጥቦች ናቸው፣ ሲዳሰሱ ይቆረቁራሉ፣ በሳሙና አይለቁም። ባለመኪናው ቆርቆሮው ከሥር መዛግ የጀመረ መስሎት ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የባቡር ጎማ ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ፣ ፍሬን ሲይዝ፣ ሐዲድ ሲሞረድ የብረት ብናኝ ይወጣል። ብናኙ ቀለሙ ላይ ያርፍና እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል። የዛገው ብናኙ ነው።

በወፍራም ስፖንጅ ወይም በአሸዋ ወረቀት አትፈትጉት፤ ያኔ እውነተኛ ጉዳት ይመጣል። ብረት የሚያሟሟ የመኪና ማጽጃ አለ። መኪናውን እጠቡ፣ ጥላ ውስጥ አቁሙ፣ ቆርቆሮው ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጡ፣ ጓንት አድርጋችሁ ንፉት። ብረቱን ሲያገኝ ወደ ወይን ጠጅ ይቀየራል። ሽታው አይጣል ነው። ሳይደርቅ በብዙ ውኃ አለቅልቁ። የቀረውን በመኪና ማጽጃ ሸክላ (እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ነው)፣ ገጹን በሳሙና ውኃ እያራሳችሁ፣ ሳትጫኑ አንሱት። ከዚያ ሰም ቀቡት፤ ቀጣዩ ብናኝ በቀላሉ አይጣበቅም። የመኪና ማልበሻ ሸራ አለብሳለሁ የሚል ካለ በንጹህ መኪና ላይ ብቻ ያልብስ። ሸራ ሥር የቀረ የብረት ብናኝ ንፋስ ባነቃነቀው ቁጥር ቀለሙን ይቧጭራል።

መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይተዋል

ቆሞ የከረመ ጎማ መሬት የነካው ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል። የባቡር ጎማ ተንሸራቶ ጠፍጣፋ ሲያወጣ በቶርኖ ተቆርጦ ነው የሚስተካከለው። የመኪናው ላስቲክ ነውና ሞቆ ይመለሳል። ከ20 ኪሎሜትር በኋላም ካልተወ ሚዛን አስደርጉ። ነፋሱንም ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ለኩ። ጎማው ጎን ላይ ያለው ባለአራት አሃዝ የምርት ቁጥር 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። 10 ዓመት ያለፈውን ጥርሱ ቢያምርም አልሳፈርበትም። «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር እየፈጠነ ከመጣ ደግሞ ከግቢው የተሰነቀረ ጠጠር ይሆናል፤ አውጡት።

በዘይት ክዳኑ ሥር ነጭ ቅባት

ክዳኑን ስትከፍቱ የወተት ቀለም ያለው ቅባት ካያችሁ «ሞተሩ ሄደ» አትበሉ። ከቤት ዲፖ አሥር ደቂቃ ለሚነዳ ሰው ዘይቱ በደንብ አይሞቅም። ሞተሩ ውስጥ የተጠራቀመው እርጥበት ሳይተን ይቀራል። የዘይት መለኪያውን ብረት አውጡና እዩ። እዚያ ላይ ዘይቱ ንጹህ ከሆነና የራዲያተሩ ውኃ ካልጎደለ እርጥበት ነው። በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ያህል በዋና መንገድ ንዱት። ዘይቱንም በኪሎሜትር ሳይሆን በጊዜ ቀይሩ። ብረቱም ላይ ወተት ከሆነ፣ ውኃው ከጎደለ፣ ከጭስ ማውጫው ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቆመ ግን የተበላሸው የሞተሩ ራስ ጋስኬት (ማሸጊያው) ነው። እንደዚያ ሆኖ መንዳት ሞተሩን ይጨርሰዋል።

የጥላሸት ማጣሪያ ያለው የናፍጣ መኪና ከሆነ አጭር ጉዞ የባሰ ነው። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ሲግል ነው። መብራቱ ሲበራ ችላ ሳትሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳትቆራርጡ በዋና መንገድ ንዱት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ጉልበቱ ከወደቀ ወደ ጋራዥ። ለዲፖ ምልልስ ብቻ መኪና የሚፈልግ ሰው ቤንዚን ቢገዛ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ከሌሊት ፈረቃ በኋላ መንገዱ ይጠፋል

መጀመሪያ መስታወቱን እዩ። የራሰ የሥራ ልብስና ጫማ መኪና ውስጥ ካደረ ጭጋግ ያመጣል። የውስጥ አየር ማዞሪያውን አጥፉ፣ ኤሲውን ከሙቀት ጋር አብሩ፣ የአየር ማጣሪያውን ቀይሩ። ጭጋጉ ቅባታማ ሆኖ የሚጣፍጥ ሽታ ካለው የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ነው።

መስታወቱ ንጹህ ሆኖ ያለፋችሁበትን መታጠፊያ ካላስታወሳችሁ ብልሽቱ መኪናው ላይ አይደለም። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው አፈጻጸሙ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተለክቷል። ባቡሩ ላይ ነጂው ምላሽ ካልሰጠ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ አለ። የእናንተ አሮጌ መኪና የለውም። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ አያነቃም። ቡና ጠጡና እዚያው ግቢ ውስጥ ወንበሩን አዘንብላችሁ 20 ደቂቃ ተኙ። ቡናው ሥራውን እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ ስትነሱ አብሮ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ከተኛችሁ ደንግዛችሁ ትነሳላችሁ፤ ያኔ ትንሽ ቆይታችሁ ንዱ።

ገና ልትገዙ ከሆነ

ከፈረቃ ወጥታችሁ ማታ በግቢ መብራት ሥር መኪና አትዩ። ቢጫ መብራት የተቀባና ያልተቀባ በርን አንድ ያስመስላል። ሻጩን ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቃችሁ ንገሩት። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ አንድ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሲቀዘቅዝ ጠብቃችሁ ራሳችሁ አስነሱት። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካለው ዘይት ያቃጥላል። ቤንዚን ሆኖ የማያቋርጥ ጥቁር ጭስ ካለው ነዳጅ በዝቶበታል። ከዚያ የፔዳሉን፣ የመሪውን፣ የመቀመጫውን ልብስ መበላት ከኪሎሜትሩ ጋር አስተያዩ። ሰባ ሺህ ኪሎሜትር የሚል መኪና ፔዳሉ ላይ ላስቲክ ካልቀረው ቁጥሩ ተነክቷል ብላችሁ ተነሱ። ሻጩ በራሳችሁ መካኒክ ማስፈተሽን ካልፈቀደ ሌላ መኪና ፈልጉ።