የካሌንዱላ ቅባት አሠራር፣ ለጭረትና ለተሰነጠቀ ቆዳ

ቤት ውስጥ ክሬም ለመሥራት አትድከሙ። ክሬም ውሃ አለው፣ ውሃ ባለበት ደግሞ ባክቴሪያና ሻጋታ አይጠፋም፤ መከላከያ ካልገባበት ቶሎ ይበላሻል። ዘይትና የንብ ሰም ብቻ ያለበት ቅባት ግን ለወራት ይቆያል፣ አሠራሩም ቀላል ነው።

ተክሉ ካሌንዱላ ይሁን፣ ያቺ ብርቱካናማ አበባ። ዋናው ነገር መድረቋ ነው። ዳር ዳሩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ የሆነ አበባ ብዙ ሰው ይሸውዳል፤ ስለዚህ መሃሉን በጣታችሁ ጫን አድርጉት፣ ከተፈረካከሰ ደርቋል፣ ከተጣጠፈ ገና ነው። እርጥቡን ዘይት ውስጥ ከከተታችሁት ይሻግትባችኋል።

የደረቀውን ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱና እስኪሸፈን የወይራ ዘይት ጨምሩበት። ትዕግሥት ያለው ሞቅ ያለ ቦታ 4 ሳምንት ያቆየው። የቸኮለ ደግሞ ጠርሙሱን ክዳኑን ሳይገጥም ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ያቁምና በትንሽ እሳት 2 ወይም 3 ሰዓት ያሙቀው። የጥብስ ሽታ ከመጣ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ በንጹህ ሻሽ አጥልሉት።

ለ100 ግራም ዘይት 20 ግራም ሰም ይበቃል። ሰም 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ዘይቱንና ሰሙን የያዘውን ዕቃ የሞቀ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ብታቆሙት ይሟሟል። ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ትንሽ ጠብ አድርጋችሁ እዩት፦ ድርቅ ካለ ዘይት፣ ከፈሰሰ ሰም ጨምሩ።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። የሚደማ ወይም ክፍት ቁስል ላይ አትቀቡት፣ ምክንያቱም ቤት የተሠራ ቅባት የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ ከጀርም ነፃ አይሆንም። ትንሽ ቁስል ከሆነ በወራጅ ውሃ እጠቡት፣ እስኪዘጋም ተራ ቫዝሊን ቀብታችሁ ሸፍኑት (አዎ፣ እኔም ተክል ወዳዱ ነኝ ይህን የምለው)። ቅባቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቆዳው ሲደርቅና ሲያሳክክ። ኮምፍሬይ የሚባለውን ተክል የሚጨምሩም አሉ፤ ጉበት የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስላለው የተላጠ ቆዳ ላይ አይነካ።

የካሌንዱላ ዘመድ የሆነው ካሞሚል የሚባለው የሻይ አበባ የማይስማማው ሰው ካሌንዱላም ላይስማማው ይችላል። መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ጥልቅ ቁስል፣ የእንስሳ ንክሻ፣ መግል የያዘ፣ ወይም የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የወጣ ከሆነ ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው።

ቅባቱን በንጹህ ማንኪያ ጨልፉ፣ በጣት አትግቡበት። የተሠራበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፉ፤ የቆየ ዘይት ሽታ ካመጣ ጣሉት።