የሰኞ ማታው በረራ፦ ከወሎ ባሕር ማዶ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ፣ እኛ ሰፈር፣ አንዲት እናት ጀርመን ያለች ልጃቸው ወለደችና ሊያርሷት ተነሡ። ቪዛው ወጣ፣ በሶው ተፈጨ፣ ሻንጣው ታሰረ። ትኬቱን አምጥተው «ልጄ፣ እስኪ አንብብልኝ» አሉኝ። «ማክሰኞ 00:40» ይላል። «ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ አብሽሩ» አልኳቸው። ሰኞ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ላይ አሳፈርናቸው። ቦሌ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት አልፎት ነበር። ደውለው «ትናንት ሄዷል አሉኝ እኮ» ሲሉኝ የድምፃቸው መሰበር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሌላ እናት እንዲህ እንዳትጉላላ ነው ይህን የምጽፈው።

ሌሊቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ አለማጣራት

የእኛ ቀን ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል፤ የፈረንጆቹ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል። «ማክሰኞ 00:40» ማለት በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:40 ነው። ለውጭ በረራ ቢያንስ ከሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ስለሚያስፈልግ ሰኞ ማታ 3:40 ላይ ቦሌ መገኘት አለብን። አንዳንዱ ትኬት ይህንኑ ሰዓት «12:40 ኤኤም» ብሎ ስለሚጽፈው የምሽት 12:40 የሚመስለው ብዙ ነው። ትኬት ላይ ከ00:00 እስከ 06:00 ያለ ሰዓት ባያችሁ ቁጥር ቀኑን አንድ ወደ ኋላ መልሳችሁ «የዚያኛው ቀን ማታ» በሉ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ደግሞ ሳያሳውቅ የቀረን መንገደኛ የመመለሻ ትኬቱንም አብረው ይሰርዙበታል።

ከአገር ከወጡ በኋላ በየትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የዚያው አገር ሰዓት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሰዓታቸውን በመጋቢትና በጥቅምት ወራቸው የመጨረሻ እሑድ ላይ ስለሚቀይሩ እንደ ጀርመን ካሉት ጋር ያለን ልዩነት አንዴ አንድ፣ አንዴ ሁለት ሰዓት ይሆናል። መሸጋገሪያ ላይ የእጅ ሰዓትን ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ እዩ።

ከደሴ በበረራው ዕለት መነሣት

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወረቀት ሲታይ አንድ ቀን ይበቃዋል። ግን ሐረጎ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከቆመ፣ ጣርማበር ላይ ጉም ከወረደ፣ ወይም መንገዱ ከተዘጋ ያ ቀን የለም። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄድም ቢሆን አንድ ሌሊት አዲስ አበባ አድሮ ቢጓዝ እመክራለሁ። የዘመድ ቤት ስለማይጠፋ ወጪው ቀላል ነው።

ስምን እንደ መሰለ መጻፍ

እኛ ጋ ሰይድ መሐመድ፣ መሐመድ ሰይድ፣ ሰይድ ዓሊ የማይገኝበት ቤት የለም። መሐመድን በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ ሰይድም እንደዚያው ሁለት ሦስት መልክ አለው። ትኬቱም ቪዛውም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር፤ ስህተት ከተገኘ ሳይሄዱ በፊት ይታረም።

ሌላም አለ። ባሕር ማዶ ሰው የሚጠራው በመጨረሻው ስሙ ነው፤ የእኛ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአያታችን ነው። በድምፅ ማጉያ «ሚስተር ዓሊ» ሲባል ሰይድ መሐመድ ዓሊ የሚባለው ሰው እሱን እየፈለጉት እንደሆነ ሳያውቅ ቁጭ ይላል። የሆቴሉም ምዝገባ በአያት ስም ነው የሚፈለገው። እናትና ልጅ የመጨረሻ ስማቸው ስለማይገጥም ልጅ ይዛ የምትሄድ እናት የልደት ምስክር ወረቀቱን ከነትርጉሙ በእጇ ትያዝ፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ አይጠቅማትም።

ርካሽ ተብሎ ሁለት ትኬት ለየብቻ መግዛት

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍራል። ለየብቻ ከተገዙ ግን ለሁለተኛው ትኬት ማንም አይጠየቅም። ሻንጣውም ብዙ ጊዜ በቀጥታ ስለማያልፍ ወጥቶ ተቀብሎ እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል፤ ለመውጣት ደግሞ የዚያ አገር የመግቢያ ቪዛ ይጠየቃል።

ከኤርፖርት ባይወጡም እንኳ የሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) መተላለፊያ ቪዛ ከሚጠይቋቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። በፍራንክፈርት አድርጎ ሌላ ቦታ የሚሄድ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይህን ይጠይቅ። ካልሆነ ከቦሌም አያሳፍሩትም።

አደራን ሳያዩ መቀበል

አደራ አልቀበልም ማለት እኛ ጋ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የታሸገ ዕቃ አትቀበሉ፤ ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ በራሳችሁ እጅ ይታሸግ። ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። ጫት ደግሞ እኛ ጋ የበረጫ ነገር ይሁን እንጂ በእንግሊዝ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በአሜሪካም በሳዑዲም ያሳስራል። ማር በእጅ ቦርሳ ከሆነ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ፍተሻው ላይ ይነጠቃል። የስልክ መሙያ ባትሪ ግን በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይሄድም።

የቢጫ ወባ ካርድ የሚጠይቅ አገር የምትሄዱ ከሆነ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በዋዜማው መከተብ አይሠራም።

ሲዘገይ ዝም ብሎ መቀመጥ

እኛ ትዕግሥት እንወዳለን፤ ወንበር ላይ ኩታችንን ተከናንበን «ኸይር ነው» ብለን እናድራለን። ከአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርት የሚነሣ በረራ ግን፣ አየር መንገዱ የየትም ይሁን፣ ለረጅም ሰዓት ከዘገየ ምግብ፣ ካስፈለገም ማደሪያ መስጠት ግዴታው ነው። ጥፋቱ የአየር መንገዱ ሆኖ በረራው ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ድረስ ለሚያህል ርቀት ከአራት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ከደረሰ ካሣው 600 ዩሮ ነው። የአየር ጠባይ ካስተጓጎለው ካሣው ይቀራል፤ ምግቡና ማደሪያው ግን አይቀርም። መጠየቅ ነውር የለውም። የመሳፈሪያ ካርዱን አትጣሉ።

ሻንጣ ከቀረ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ አስመዝግባችሁ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተሰበረ ሻንጣ አቤቱታ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ የመጣ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት።

ያቺ እናት ልጃቸው ሌላ ትኬት ቆርጣላቸው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሄዱ። በሁለተኛው ጉዞ ካርቶን ቆርጬ በወፍራም እስክሪብቶ «ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ» ብዬ ጻፍኩ፤ በጀርባው የልጃቸውን አድራሻና ስልክ በላቲን ፊደል አሰፈርኩ። በመቀነታቸው ቋጥረው ያዙት። ፍራንክፈርት ላይ መውጫው ጠፍቷቸው ለአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ያንን ካርቶን አሳዩአት፤ ቁጥሩን ደውላ ከልጃቸው ጋር አገናኘቻቸው።