በጭንቀት ቀን እግዚአብሔርን ስንታመን የምንሠራቸው ስህተቶች

«በእግዚአብሔር ታመን» የሚለው ምክር ለተጨነቀ ሰው ሁሉ ይሰጣል። እንዴት እንደሚታመን ግን እምብዛም አይነገረውም። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች የሚሠሩት ጸሎት የሚወዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይርቁ ሰዎች ናቸው።

ተስፋውን ከቀጠሮው ነጥሎ መያዝ

ኤርምያስ 29፥11 በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» ይላል። ቃሉ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ከተላከ ደብዳቤ የተወሰደ ነው። አንድ ቁጥር ከፍ ብለው ሲያነቡ ቀጠሮው 70 ዓመት ሆኖ ያገኙታል፤ ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ መመለሻውን በዓይናቸው አያዩም ማለት ነው። ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የተባለ ነቢይ ምርኮኞቹ «በሁለት ዓመት ውስጥ» ይመለሳሉ ብሎ ነበር። የተጨነቀ ጆሮ የትኛውን እንደሚወድ ግልጽ ነው፤ ኤርምያስ ግን ሐሰት መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው።

ዛሬም «በዚህ ወር በሩ ይከፈትልሃል» የተባለ ሰው ወሩ ሲያልፍ የሚቀየመው ተናጋሪውን ትቶ እግዚአብሔርን ነው። ከባዱ ጉዳት ይህ ነው። ደብዳቤው ከቁጥር 5 እስከ 7 እየጠበቁ የሚሠራውን ሥራ ይናገራል፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። በሰው አገር የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው ይህን ክፍል ደጋግሞ ቢያነበው ይጠቀማል፤ «ብቻ ወረቀቴ ይውጣ» እያለ ቋንቋ መማሩንም፣ ትዳሩንም፣ ወዳጅ ማፍራቱንም ለዓመታት ያቆየ ብዙ ነውና። ምዕራፉን ከቁጥር 1 እስከ 14 ሳያቋርጡ ያንብቡ፤ ካቆዩት ነገር አንዱን በዚህ ሳምንት ይጀምሩ።

ኀዘንን ሸፍኖ መጸለይ

«እንዴት ነህ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት መልካም ልማድ ነው። በጸሎት ጊዜ ግን ያልወጣ እንባ መሸፈኛ እንዳይሆን። መዝሙር 13 (በግእዙ ዳዊት 12) «እስከ መቼ» የሚለውን አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ ከዚያ ይለምናል፤ መታመኑ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እርስዎም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሂዱ። «ችግሬን ታውቃለህ» ብለው አይለፉት፤ የቤት ኪራዩን፣ የልጅዎን ሕመም በስሙ ይጥሩት። ቀጥለው የሚፈልጉትን ይለምኑ። ምስጋናው በዚያ ቀን ካልመጣ አያስመስሉ። መዝሙር 88 (87) በጨለማ ያልቃል፤ እርሱም ቢሆን ጸሎት ነው።

ልመናው እስኪመለስ ሰላምን ማቆየት

ሐና ልጅ አጥታ እያለቀሰች ተሳለች። ካህኑ ዔሊ «በደኅና ሂጂ» ካላት በኋላ ሄዳ በላች፤ ፊቷም ኀዘንተኛ ሆኖ አልታየም። ይህ የሆነው ሳሙኤል ከመፀነሱ በፊት ነው (1ኛ ሳሙኤል 1፥18)። ነገሩን ለእግዚአብሔር ሰጥታ፣ ገና መልስ ሳታገኝ ወደ ማዕዷ ተመለሰች። ስለት የሚሳሉ ከሆነ የሚችሉትን ብቻ ይሳሉ፤ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚያገቡት ይጻፉት። በጭንቅ ሰዓት የተሳሉት ከአቅም በላይ የሆነ ስለት በኋላ ሌላ ጭንቀት ይሆናል።

የነገን ብርታት ዛሬ መፈለግ

እስራኤል በምድረ በዳ የበሉት መና ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጎሞር ነበር፤ ወደ 2 ሊትር ገደማ ይገመታል። ለነገ ብለው ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ፤ ያልተበላሸው ለሰንበት የተቀመጠው ብቻ ነው። ሌሊት ሐሳብ እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ ከመተኛትዎ በፊት ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ በኩል ነገ ሊሠሩት የሚችሉትን አንድ ነገር ከነሰዓቱ ይጻፉ፤ በሌላው በእጅዎ የሌለውን። ሁለተኛውን እንደ ጸሎት አንብበው ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጡት። ሐሳቡ ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር «አቤቱ፣ በአንተ ታመንሁ» ይበሉ፤ ሃያ ጊዜ ቢሆንም የእምነት ጉድለት አይደለም።

በጅምሩ ከአቅም በላይ መያዝ

መከራ ሲመጣ ሙሉ ዳዊት በየቀኑ ለመድገም ተነሥቶ በሦስተኛው ቀን የሚያቆም አለ። አባቶች መዝሙሩን የከፋፈሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፣ የሰኞው ከ1 እስከ 30 ነው፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60። ለጀማሪ ግን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይበቃል፤ 150ው በ75 ቀን ይዳረሳል። ያመለጠውን ቀን ዕዳ አያድርጉት፣ ካቆሙበት ይቀጥሉ።

ሕክምናን የእምነት ተቃራኒ ማድረግ

ይህ ሕይወት ያጠፋል። ጠበል ገብቶ የኤችአይቪ፣ የስኳር ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን በድንገት የሚያቆም ሰው ሕመሙ ይበረታበታል፤ የኤችአይቪ ቫይረስ ደግሞ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ባለ መድኃኒትን አክብር ይላል።

ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» ባለ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፤ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው (1ኛ ነገሥት 19)። ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከቤተሰብዎ እንዲህ የሚል ሰው ካለ ብቻውን አይተዉት፤ ገመድና መርዝ ከአጠገቡ ያርቁ፣ የሚበላ ይስጡት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ያድርሱት። ካህኑ ወይም መጋቢው ሐኪም ቤቱ ድረስ መጥተው ይጸልዩለታል።