የባጃጅ ሞተር ይታደስ ወይስ ይቀየር? ሲወስኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ ቆሞ ዋለ ማለት የዕለት ጉርስ ጎደለ ማለት ነው። ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ሲተፋ ባለንብረቱ የሚቸኩለውም ለዚህ ነው፤ ችኮላው ግን ሁለቴ ያስከፍላል።

ሳይለኩ ማስፈታት። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሞተሩ ሞቅ ካለ በኋላ ካንዴላውን አስወጥተው በቀዳዳው የግፊት ጌጅ ያስገጥሙ፤ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተይዞ፣ ቀስቱ መውጣት እስኪያቆም ሞተሩ ይዙር። ንባቡ ዝቅ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው ጨምረው ይድገሙ። ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩን ወይም የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውን፣ ይጠርጥሩ። ያ ከሆነ ሞተር መቀየር አያስፈልግም።

ከፍታውንም አይርሱ። ድሬዳዋ 1,200፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ወለል 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ድሬዳዋ ላይ 130፣ ሐረር ላይ 120 ገደማ ቢያሳይ ታሟል አይባልም።

«ፋሻ ብቻ እንቀይርና እንየው» ማለት። የተበላ ሲሊንደር ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል፤ አዲስ ፋሻ አይይዝለትም፣ ጭሱም ይመለሳል። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከተው በፒስተኑ ቀጥ አድርገው ይግፉት፤ የጫፎቹን ክፍተት ከላይም ከታችም በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ይለኩ። የሁለቱ ልዩነት 0.30 ሚሊሜትር ከሆነ ሲሊንደሩ 0.10 ያህል ሰፍቷል፤ ለ3.14 ማካፈል ነው። እንዲህ ሲሆን ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ 0.25 ወይም 0.50 የሚበልጥ ፒስተን ይገባል። ፒስተኑ ቀድሞ ይገዛ፤ ቦርቧሪው ለክቶ የሚሠራው በእሱ ነው።

የታችኛውን ክፍል አለማየት። ሲሊንደሩ ሲወጣ ቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘውን ዘንግ) ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይሳቡት። ወደ ጎን ትንሽ መወዝወዙ ደግ ነው፤ ወደ ላይ «ቀጭ» ካለ ግን ኩሽኔታው አልቋል። ውሳኔው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቴስታታ ወይም ሲሊንደር ብቻ ከሆነ ያሳድሱ። ክራንክሻፍቱ ከተጨመረ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ (የዘይት መከላከያ ጎማ)፣ ጓርኒሲዮንና የእጅ ዋጋ ሳይቀር ያስደምሩ፤ ከደህና ሞተር ዋጋ ግማሹን ካለፈ መቀየሩ ይሻላል። የኩሽኔታው መቀመጫ ከላላ ወይም ካሳው (የሞተሩ የታችኛው አካል) ከተሰነጠቀ ክርክር የለውም፤ ይቀየር።

መንስኤውን መተው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ክንፎቹ ላይ ዘይትና አቧራ ሲጋገር ከመጠን በላይ ይግላል፤ የተቀደደ የአየር ማጣሪያም አሸዋ አስገብቶ ሲሊንደሩን ይሞርደዋል። እነዚህ ካልተስተካከሉ አዲሱም ሞተር ያው ነው።

ጎርፍ የገባበትን ማስነሳት። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰውን ድሬዳዋ አይረሳም። ውሃ አይታመቅም፤ በግድ ሲዞር ቢዬላ ይጣመማል። ካንዴላውን አውጥተው ቀስ ብለው በእጅ አዙረው ውሃውን ያስወጡ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ አዲስ ሞልተው ለጥቂት ደቂቃ ያስነሱና እንደገና ይድፉት። ደለል ከታየ ግን ሳያስነሱ ያስፈቱ፤ በዚያው ቀን፣ ዝገት አያድርበት።

ያለ ሰነድ ሞተር መግዛት። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ይሰፍራል። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ወይም የግዢ ወረቀት ከሌለው፣ ቢረክስም ይለፉት። ሲሞክሩትም ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት እንዳይጠብቅዎ፣ ካሳውን በእጅዎ ይንኩት፤ ጤናው የሚታወቀው ከቀዝቃዛ ሲነሳ ነው።