ከወሊድ በኋላ ሽንት ሲያመልጥ፦ መንስኤውን መለየትና ማከም

ከወለደች በኋላ ሽንት የሚያመልጣት እናት አብዛኛውን ጊዜ «ብርድ ነው፣ ይተውሻል» ትባላለች። አንዳንዱ በርግጥ በራሱ ይተዋል፤ አንዳንዱ ግን በቆየ ቁጥር ይከፋል። ልዩነቱን የሚነግረን ሽንቱ የሚያመልጥበት ሁኔታ ነው። ሲያስሉና ሲያነሡ ነው? መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ ነው? ወይስ ተኝተውም ይፈስሳል? የመጨረሻው ከሆነ ከዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አንብበው ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ይፈስሳል፣ ሽንቴ መጣ የሚል ስሜት የለም

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፊስቱላ ነው። ምጥ ረዝሞ ልጁ ማለፍ ሲያቅተው ጭንቅላቱ የሽንት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፣ ኋላም ሲረግፍ በፊኛውና በብልት መካከል ቀዳዳ ይተዋል። ሥጋው እስኪረግፍ ቀናት ስለሚወስድ መፍሰሱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከወሊዱ በ3ኛውና በ10ኛው ቀን መካከል ነው። «ስወልድ ደህና ነበርኩ» ማለት ፊስቱላ አይደለም ማለት እንዳልሆነ ቤተሰብም ይወቀው። በኦፕራሲዮን ወቅት ፊኛ ሲጎዳም ይከሰታል። የእግር መዛልና ሲራመዱ የእግር ጫፍ መጎተት አብሮ ከታየ ረጅሙ ምጥ ነርቭንም ጎድቷል።

ስፖርትም ሆነ የቤት መድኃኒት ቀዳዳውን አይዘጋም። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ካቴተር (ፊኛ ውስጥ ገብቶ ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ከ4 እስከ 6 ሳምንት ገብቶ በመቆየቱ ብቻ ሊዘጋ ይችላል። ቀናቱ ዋጋ ያላቸው ለዚህ ነው። ያለበለዚያ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። ባሕር ዳር ላይ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ይህን ሕክምና በነጻ ይሰጣል፤ ገንዘብ የለኝም ብሎ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም።

ብዙዎች የሚፈስሰውን ለመቀነስ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ይህ ሁኔታውን ያባብሰዋል፦ የወፈረ ሽንት ቆዳ ያቃጥላል፣ ይሸታል፣ ጠጠርም ይፈጥራል። እስኪታከሙ ድረስ በብዛት ይጠጡ፣ ቆዳውን በንጹሕ ውሃ ታጥበው ያድርቁና ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ።

ከጥገናው በኋላ ትልቁ አደጋ የካቴተር መዘጋት ነው። ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከተደፈነ ፊኛው ይሞላና ስፌቱን ይወጥረዋል። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይሁን፤ ሽንት መውረድ ካቆመ ወይም በቱቦው ዳር መፍሰስ ከጀመረ በሌሊትም ቢሆን ነርሷን ይቀስቅሱ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለ3 ወር ግንኙነትና ከባድ ሸክም ይቅር። ቀዳዳው ተዘግቶም ሲራመዱ የሚያመልጥ ካለ የሽንት መዝጊያው ጡንቻ ስለደከመ ሊሆን ይችላልና ለምርመራ ይመለሱ። ቀጣዩ ልጅ በኦፕራሲዮን ይወለዳል። በተለይ በደቅና በሌሎቹ የጣና ደሴቶች የሚኖሩ እናቶች ምጥ ከጀመረ በኋላ ጀልባ ከመፈለግ ይልቅ ወሩ ሲገባ ወደ እናቶች ማቆያ ቢገቡ ይሻላል።

መሽናት አቅቶኝ ነበር፣ አሁን ጠብ ጠብ ይላል

ከወለዱ ወይም ካቴተር ከወጣ በኋላ 6 ሰዓት አልፎ ሽንት ካልወጣ፣ ወይም ከእምብርት በታች አብጦ ትንሽ ትንሽ የሚንጠባጠብ ከሆነ ፊኛው ሞልቶ እየተረፈ ነው። እብጠት፣ የስፌት ሕመም፣ የረዘመ ምጥ ወይም የወገብ ማደንዘዣ ያመጣዋል። ሕመም ማስታገሻ ወስደው፣ ሰው በሌለበት ቁጭ ብለው ለብ ያለ ውሃ በብልትዎ ላይ እያፈሰሱ ይሞክሩ። ካልሆነ በካቴተር መውጣት አለበት። ከመጠን በላይ የተለጠጠ ፊኛ የመኮማተር አቅሙን ስለሚያጣ እስከ ነገ ማለት ጉዳት ነው።

ሳስል፣ ሳስነጥስ፣ ጀሪካን ሳነሣ ያመልጠኛል

ከወሊድ በኋላ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ከዳሌ የፊት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተዘርግቶ ፊኛን፣ ማሕፀንንና ፊንጢጣን ከሥር የሚሸከመው ጡንቻ በወሊድ ተለጥጧል። ሆድ ውስጥ ግፊት ሲጨምር የሽንት ቧንቧውን አጥብቆ መዝጋት ያቅተዋል።

መፍትሄው ጡንቻውን ማሠራት ነው፦ በጎን ተኝተው ወይም ቁጭ ብለው ፈስ እንዳይወጣ እንደሚይዙ፣ ቀጥሎም ሽንት እንደሚያቋርጡ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሰብስቡ። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ሰከንድ መያዝ በቂ ነው፤ ቀስ በቀስ 10 ሰከንድ ይድረስ። በያዙት ልክ ያሳርፉ፤ ካላረፈ ይደክማል። ይህን 8 ጊዜ፣ ከዚያ ፈጣን ጭብጥ ለቀቅ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ጡት ሲያጠቡ ማድረግ እንዳይረሳ ይረዳል። ካቴተር ካለ እስኪወጣ ይጠብቁ።

ለውጥ ያላመጣ እንቅስቃሴ ብዙውን ጊዜ በስህተት የተሠራ ነው። ትንፋሽን መያዝ፣ መቀመጫንና ጭንን ማጥበቅ ልፋቱን ከንቱ ያደርጋሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ ማማጥ ወደ ታች መግፋት ጡንቻውን ያዳክማል። ጣትዎን በብልትና በፊንጢጣ መካከል ሲያስቀምጡ ቦታው ወደ ውስጥ መሸሽ አለበት፤ ወደ ውጭ ከተገፋ ተገልብጦ ነው የሚሠሩት። እየሸኑ ማቋረጥን ልምምድ አያድርጉት፣ ፊኛ ሳይጸዳ ይቀራል።

ሳል ሲመጣ ቀድመው መሰብሰብን ይልመዱ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ክርስትናው በ40 ወይም በ80 ቀን ቢወጣም ጡንቻው ገና አልጠናምና ውሃውን ሌላ ሰው ይቅዳ። ይህን ባልና አማት ቢያነቡት ደስ ይለናል። ሆድን በመቀነት አጥብቆ ማሰርም ግፊቱን ወደ ታች ይልከዋል። ገንፎ ብቻ የሚበላበት አራስ ቤት የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ ማማጥ ደግሞ የሠሩትን ያፈርሳል። ጎመን፣ ምስርና ተልባ ይጨመርበት።

ለውጡ በሳምንታት መታየት ይጀምራል፤ 3 ወር ሳያቋርጡ ሠርተው ለውጥ ከሌለ ፊዚዮቴራፒ ይጠይቁ።

ሽንቴ ሲመጣ ፋታ አይሰጠኝም

መጀመሪያ በጤና ጣቢያ ሽንት ያስመርምሩ። ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና መሽተት ካለ ኢንፌክሽን ነው፤ ጡት እንደሚያጠቡ ተናግረው የታዘዘውን መድኃኒት ይጨርሱ። ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ከተጨመረ በዚያው ቀን ይታዩ።

ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ፊኛውን ማሠልጠን ነው። ስሜቱ ሲመጣ ከመሮጥ ይልቅ ቆም ብለው ጡንቻውን ጥቂት ጊዜ ጭብጥ ያድርጉ፣ ሲበርድልዎ ይሂዱ። በሳምንት በሳምንቱ በአንዱ ሽንትና በቀጣዩ መካከል 15 ደቂቃ ይጨምሩ፣ እስከ 3 ሰዓት ድረስ። ቡና ፊኛን ያስቆጣል። ለአራስ ጠያቂ የዘጌ ቡና ተፈልቶ እምቢ ማለት ቢከብድም አቦሉን ቀምሰው ቶናና በረካውን ቢተዉ ልዩነቱን ያዩታል። ውሃን ግን አይቀንሱ፤ ጡቱም ይፈልገዋል።

ወደ ታች የሚጎትት፣ የሚወርድ ነገር አለ

የማሕፀን ወይም የፊኛ መውረድ ነው። ሲመሽና ከሸክም በኋላ ይብሳል፣ ሲተኙ ይቀላል። ቀላሉ ከላይ በተጻፈው እንቅስቃሴ ይሻሻላል። ከብልት ውጭ ከታየ ባሕር ዳር በሚገኙት በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የማሕፀን ሐኪም ይየው። ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት አለ፤ ቀዶ ሕክምናም ይደረጋል። ሌላ ልጅ የሚፈልጉ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ከመወሰኑ በፊት ይናገሩ፣ ምርጫውን ይለውጠዋል።