ራም ጨምረው ኮምፒዩተሩ አልነሳ ሲል፣ ፕሮሰሰሩም ሲጎተት፦ ችግርና መፍትሄ

የቢሮ ዴስክቶፕ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚታሰበው «ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ) ይጨመርበት» ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ዕቃው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ራም ካልሠራ መመለሱ ጣጣ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጥፋቱ የራም ይሁን የፕሮሰሰር ይለዩ።

በሥራ ሰዓት፣ ሁሉም ፕሮግራም እንደተከፈተ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ይመልከቱ። ሜሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ከሞላ የጎደለው ራም ነው። ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ይቀይሩ፤ ራም ቢጨምሩ ለውጥ አያዩም። ሥራ በዝቶበት እያለ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከቤዝ ስፒድ (እዚያው ከተጻፈው መደበኛ ፍጥነቱ) በታች ከቀረ ደግሞ ወደ መጨረሻው ክፍል ይለፉ።

ራም ተጨምሮ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ምንም አያሳይም። በብዙ ዴል ኦፕቲፕሌክሶች 2 ጊዜ ጢጥ ማለት ራም አልታየም፣ 4 ጊዜ ደግሞ ራሙ አልተነበበም ማለት ነው። የቆዩ የቢሮ ኤችፒዎች ቀይ መብራት እያብለጨለጩ 5 ጊዜ ይጮኻሉ።

አሮጌውን ራም ነቅለው ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። ለምሳሌ «4ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ3ኤል-12800ዩ» ይላል እንበል። ፒሲ3 የራሙ ትውልድ ዲዲአር3 መሆኑን ይነግርዎታል። ኤል ሲጨመርበት በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ ከሌለው 1.5 ቮልት ነው። 12800 ማለት ፍጥነቱ 1600 ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው የመጨረሻውን ፊደል ነው፤ ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ እዚያ አለ። ዩ የዴስክቶፕ፣ ኤስ የላፕቶፕ፣ አር የሰርቨር ነው። የዲዲአር3 ሰርቨር ራም ዴስክቶፕ ስሎት (የራም መሰኪያ) ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ግን ተራ የቢሮ ማዘርቦርድ አያነሳውም። በርካሽ የሚሸጥ «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚል ዲዲአር3 ራምም ኢንቴል ላይ አይሠራም፤ ቺፖቹ የተደራጁበትን መንገድ የኢንቴል ዴስክቶፕ አያውቀውም። ዲዲአር3 ባለ 240 ፒን፣ ዲዲአር4 ባለ 288 ፒን ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ቆራጣም ቦታው ይለያያል። አልገባ ካለ በጉልበት አይጫኑት፣ ስሎቱ ይሰበራል።

ዓይነቱ ትክክል ሆኖ ካልነሳ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ማስነሻውን 15 ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስወጡ፤ የሳጥኑን ብረት ነክተው ሁሉንም ራም ያውጡ። አንዱን ብቻ በመጀመሪያው ስሎት ያስገቡና የስሎቱ ጆሮዎች (መያዣዎቹ) ቀጭ እስኪሉ በሁለቱም ጫፍ ይጫኑ። እያንዳንዱን ራም በየስሎቱ እንዲህ ይሞክሩ፤ የተበላሸው ስሎቱ ይሁን ራሙ ይለያል። በክረምት የጅማ እርጥበትና አቧራ ፒኖቹ ላይ ይጋገራል፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ባረጠቡት ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው በደንብ ያድርቁ። ላጲስ ብዙዎች ይጠቀማሉ፣ እኛ አንመክርም፤ ፍርፋሪው ስሎቱ ውስጥ ይቀራል። አሁንም ካልሆነ ሲአር2032 ባትሪውን 5 ደቂቃ አውጥተው ይመልሱ፤ ባዮሱ (ኮምፒዩተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) አዲሱን ራም እንደገና ያነባል። ቀንና ሰዓት ግን በኋላ ማስተካከል አለብዎት።

ራሙ ገባ፣ ዊንዶውስ ግን ሙሉውን አያሳይም

4 ጂቢው 3 ጂቢ ምናምን ሆኖ ከታየ ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢቱን መጫን ግድ ነው። 64 ቢት ከሆነ ኤምኤስኮንፊግ በሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ በቡት ስር አድቫንስድ ኦፕሽንስን ከፍተው «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚለው ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ያጥፉት። የማዘርቦርዱን ጣሪያም ይወቁ፦ ኦፕቲፕሌክስ 3020 ሁለት ስሎት ስላለውና እያንዳንዱ 8 ጂቢ ስለሚቀበል ከ16 ጂቢ አያልፍም።

ፍጥነቱ 2666 ነው ተብሎ የተገዛው ራም 2133 ካሳየ አልተታለሉም። ለምሳሌ ኮር አይ5-6500 የሚባለው ፕሮሰሰር ዲዲአር4ን ከ2133 በላይ አይነዳም። ሁለት የተለያዩ ራሞች አብረው ሲገቡም የሚሄዱት በዝግተኛው ፍጥነት ነው። ለዚህ ነው ለፍጥነት ቁጥር ተጨማሪ ብር ከመክፈል ይልቅ ሁለት እኩል ራም ገዝቶ በዱዋል ቻናል (ሁለቱን ጎን ለጎን) ማሠራት የሚሻለው።

ፕሮሰሰሩ ከፍጥነቱ በታች ሲሠራ

ሥራ በሌለበት ሰዓት 0.8 ጊጋኸርዝ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ኮር አይ5-4590 ግን ሥራ ሲበዛበት ከ3.3 በላይ መውጣት አለበት። ካልወጣ መጀመሪያ ፓወር ኦፕሽንስን ይዩ፦ ፓወር ሴቨር ከሆነ ወደ ባላንስድ ይመልሱ፤ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴትም 100 በመቶ ይሁን።

እሱ ደህና ከሆነ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ኮምፒዩተሩ ጠዋት ፈጥኖ ከሰዓት በኋላ የሚጎተት ከሆነ ይህን ይጠርጥሩ። የሂትሲንኩን (ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ማቀዝቀዣ ብረት) አቧራ በብሩሽ ያጽዱ፤ ፋኑን በጣት ይያዙት፣ በአየር ግፊት ሲሽከረከር ይበላሻል። ሂትሲንኩን ከመንቀልዎ በፊት ኮምፒዩተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስተው ያጥፉ፤ በሁለቱ መሃል የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ሲሞቅ በቀላሉ ይለቃል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ በየተራ ይፍቱ። የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጠርገው የምስር ፍሬ የሚያህል አዲስ ፔስት መሃሉ ላይ ያድርጉ፤ ሲበዛ ወደ ጎን ይፈሳል እንጂ አያቀዘቅዝም።

ትንንሾቹ ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮዎች ላይ ሌላ ምክንያት አለ። ዋናው ቻርጀር ጠፍቶ በሌላ ሲተካና ማሽኑ ሳያውቀው ሲቀር ፍጥነቱን 0.8 አካባቢ ያስራል። ሲነሳ ስለ አዳፕተር ማስጠንቀቂያ ካወጣ በኢንተር አይለፉት፤ ዋቱ የሚመጥን ትክክለኛ የዴል አዳፕተር ይፈልጉለት።