«ኪድ ኤ»ን ሲያዳምጡ የሚሠሩ ስህተቶች

የእንግሊዙ ባንድ ሬዲዮሄድ «ኪድ ኤ»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2000 ነው። ሮክ፣ ኤሌክትሮኒክ፣ ጃዝና ክላሲካል የተዋሃዱበት፣ 50 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ አልበም ነው። ጀምረው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአደማመጥ ነው።

ጊታር እየጠበቁ መስማት። በ1997 የወጣውን የባንዱን አልበም የወደደ ሰው እዚህም ያንኑ ይፈልጋል። የሚቀበለው ግን ፕሮፌት-5 የተባለ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ኪቦርድ) ነው። ጊታሩ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ስድስተኛው ዘፈን ላይ ፊት ለፊት ይሰማል። አምስተኛው፣ ግጥም የሌለው፣ የኪቦርድ ሥራ ይመስላል እንጂ መነሻው የባንዱ ጊታሪስት ኤድ ኦብራየን የተጫወተው ጊታር ነው። ድምፃዊው ቶም ዮርክ ቅጂውን በዲጂታል መሣሪያ ቀይሮ ሠራው።

በስልክ ስፒከር መክፈት። ሦስተኛው ዘፈን የቆመው ሳይለወጥ በሚደጋገም አንድ የቤዝ ሐረግ ላይ ነው። ትንሽ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም፤ ስለዚህ ወደ መሀሉ ስምንት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ሲገቡ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ይሆናል። ቤዙ ሲሰማ ግን ሳክስፎኖቹና ትሮምቦኖቹ ምን ላይ ተደግፈው እንደሚፈነጩ ይገባል። የአሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ የቻርልስ ሚንገስ ተጽዕኖ ያለበት ቦታ ነው። ውድ ዕቃ አያስፈልግም፣ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል።

በአራት መቁጠር። ብዙ ዘፈን ምቱ በአራት በአራት ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ዘፈን ግን አንዱ ዙር አሥር ምት ነው። እስከ አሥር ቆጥረው ወደ አንድ ይመለሱ፤ እግርዎ መሳቱን ያቆማል።

ቅደም ተከተሉን ማዘበራረቅ። ስድስተኛው ለሮክ ስለሚቀርብ «ከሱ ጀምሩ» የሚሉ አሉ። አንስማማም፤ የቀሩት ዘጠኙ ከሱ ያፈነገጡ ይመስላሉ። የስድስተኛው መጨረሻ ደግሞ ቀጥታ ወደ ሰባተኛው ይሻገራል። ሹፍልን (ዘፈኖችን በዘፈቀደ የሚያጫውተውን)፣ እንዲሁም ዘፈኖችን እያደባለቀ የሚያሸጋግረውን ማስተካከያ ያጥፉ። አሥረኛው ሲያልቅም ለመዝጋት አይቸኩሉ፤ ከዝምታው በኋላ አጭር ሙዚቃ አለ።

ስምንተኛውን «ዳንስ ነው» ብሎ ማለፍ። ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለናል። ምቱ ያስጨፍራል፣ እውነት ነው። ከሥሩ ያሉት ኮርዶች (አብረው የሚሰሙ የኖታ ጥምረቶች) ግን አሜሪካዊው አቀናባሪ ፖል ላንስኪ እ.ኤ.አ. በ1973 በኮምፒውተር ካቀናበረው ሥራ የተቀነጨቡ ናቸው። የባንዱ አባል ጆኒ ግሪንውድ 50 ደቂቃ ያህል የሞከረውን ሁሉ ቀድቶ ለዮርክ ሰጠው፤ ዮርክ ከዚያ ውስጥ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ መርጦ ዘፈኑን ገነባበት። አንዴ ከበሮውን፣ አንዴ ኮርዶቹን ብቻ ተከትለው ይስሙ። ከበሮው እየተጣደፈ ኮርዶቹ በዝግታ ይመላለሳሉ፤ ውጥረቱ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

በግጥሙ ታሪክ መፈለግ። ዮርክ አንዳንዶቹን ስንኞች ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ቆራርጦ፣ ከባርኔጣ ውስጥ በዕጣ እያወጣ ነው የገጣጠማቸው። ግጥሙን ከፊትዎ ዘርግተው ትርጉም ከማሳደድ ይልቅ ድምፁን እንደ አንድ መሣሪያ ይስሙት።